በስተር ኪተንና «ዘ ጀኔራል» የተባለው ፊልሙ

በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ስመ ጥር ከነበሩት አስቂኝ ተዋንያን አንዱ የሆነው በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ በመድረክ የሚጫወቱ ነበሩና ገና በሕፃንነቱ አብሯቸው ይሠራ ጀመር። ሳይጎዳ መውደቅንና ሕዝቡ ሲስቅ ፊቱን ሳይፈታ መቆየትን የተማረው በዚያው መድረክ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የገባው ለስሙ ያህል ቢሆንም የመካኒክነት ተሰጥኦው ግን በፊልሞቹ ሁሉ ጎልቶ ይታያል።

«ዘ ጀኔራል»ን እ.ኤ.አ. በ1926 በኦሪገን ግዛት፣ በኮቴጅ ግሮቭ አካባቢ ቀረጸ። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው፦ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ የሰሜን ሰላዮች የደቡቡን ሎኮሞቲቭ ሰርቀው ሸሽተው ነበር። ኪተን በፊልሙ የባቡሩን ነጂ ሆኖ ይሠራል። በአንደኛው ትርኢት በሚጓዘው ሎኮሞቲቭ ፊት ለፊት ተቀምጦ በእጁ የያዘውን የሐዲድ አግዳሚ ይወረውርና፣ ሐዲዱ ላይ የተጋደመውን ሌላ እንጨት ጫፉን መትቶ ከመንገድ ያስፈነጥረዋል። የማንሻን ሕግ እንዲህ በአጭሩ ያስረዳ መምህር ብዙ አይገኝም። በሌላው ትርኢት ተክዞ ከመንኮራኩሮቹ ማገናኛ ዘንግ ላይ ተቀምጧል፤ ሎኮሞቲቩ ሲነሣ ከዘንጉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እንፋሎቱ በዝቶ ተለቆ መንኮራኩሩ በድንገት ቢሽከረከር ኖሮ ሕይወቱን ባጣ ነበር። በመጨረሻ በእሳት ከተያያዘው የእንጨት ድልድይ ጋር ወንዝ ውስጥ የሚወድቀውም ሞዴል ሳይሆን እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ነው። ለዚህ አንድ ትርኢት 42,000 ዶላር ያህል እንደወጣ ይነገራል፤ ሊደገም የማይችል ሥራ ነበርና ስሌቱ ከመጀመሪያው ትክክል መሆን ነበረበት።

በ1927 ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ ግን አብዛኞቹ ሐያስያን አልወደዱትም። ሳቁ አነሰ፣ ማሳደዱ ረዘመ፣ ሰው በሚሞትበት ጦርነት መቀለድም አይገባም አሉ። ገቢውም እንደታሰበው አልሆነም። በ1928 ኪተን የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ለሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ተቀጠረ፤ የሥራ ነፃነቱም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ መጠጥና ፍቺ ተከተሉ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ተፈልገው እንደገና መታየት ሲጀምሩ ፍርዱ ተገለበጠ። ሳቅ ብቻ ፈልጎ የገባው የፊተኛው ተመልካች አሰልቺ ያለውን፣ የኋለኛው በጥንቃቄ የተገነባ ሥራ ሆኖ አገኘው፤ በመሄጃው የታየው መሰናክል በመመለሻው ተገልብጦ ይመጣልና። ኪተን በ1965 በቬኒስ የፊልም በዓል ላይ ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብለት ለማየት በቅቶ በየካቲት 1966 መጀመሪያ በ70 ዓመቱ ዐረፈ። በ1972 የእንግሊዙ መጽሔት ሳይት ኤንድ ሳውንድ ባካሄደው የሐያስያን ምርጫ ፊልሙ ከዓለም አሥር ምርጦች ተርታ ገባ።

ዛሬ ደግሞ ፊልሙ ሌላ ጥያቄ ይነሣበታል። ታሪኩ የተቀዳው ከሰሜን ዘማቾች አንዱ ከጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ኪተን ግን ተመልካቹ ደቡቦችን እንደ ክፉ አይቀበልም በሚል ጀግናውን ከደቡብ አደረገው። ጦርነቱ የተካሄደበት ዋና ጉዳይ ባርነት ሆኖ ሳለ በፊልሙ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ እንኳ አይነሣም። የድልድዩ ስሌት ትክክለኛነት ይህን ጉድለት አይሸፍነውም።