የቦብ ማርሌይ ጥምቀት

ወደ እነዋሪ በሚሄድ ሚኒባስ መስታወት ላይ እንኳ የቦብ ማርሌይን ምስል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተቀብቶ አይተው ይሆናል። ዘፈኑን የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። ከመሞቱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም መጠመቁን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ቦብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ናይን ማይል በምትባል የጃማይካ የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ነጭ ነበር፤ ልጁን አላሳደገም። እናቱ ሴዴላ በቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ሴት ስለነበረች የጌታን ስም የሰማው ገና በልጅነቱ ነው። በኋላ በኪንግስተን የድሆች ሰፈር አደገ፤ በ1963 ከጓደኞቹ ጋር ዌይለርስ የተባለውን ቡድን መሠረተ።

በኤፕሪል 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ሲጎበኙ ቦብ ለሥራ አሜሪካ ነበር። አዲሷ ሙሽራው ሪታ ግን ከሕዝቡ መካከል ቆማ ነበር፤ ንጉሡ እጃቸውን ሲያነሡ የችንካር ምልክት አየሁ ብላ አመነች። ልብ ይበሉ፣ እኛ ንጉሥ ያልናቸውን ሰው እነርሱ አምላክ አሏቸው! ቦብም ተመልሶ ራስተፈሪያን ሆነ። ንጉሡ በ1975 ሲሞቱ እንኳ ሕያው ናቸው ብሎ ዘፈነ፤ በ1978 ደግሞ በደርግ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ ሻሸመኔን ጎበኘ።

ንጉሡ ራሳቸው ግን ሟች ሰው መሆናቸውን ተናግረዋል። ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት የኦርቶዶክስ አባትም በ1970 ጃማይካ ሄደው ራስታዎቹን በንጉሡ ስም አላጠምቅም፣ በሥላሴ ስም ነው አሏቸው። ሪታና ልጆቿ ተጠመቁ። ቦብ ዘገየ፤ አቡኑ እንደመሰከሩት ከሆነ ፍላጎቱ ቀድሞም ነበረው፣ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ናቸው የያዙት።

በ1977 በእግሩ ጣት ላይ ካንሰር ተገኘበት። ጣቱ ይቆረጥ ቢባል እምቢ አለ። በሴፕቴምበር 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ በሽታው ጭንቅላቱ ደርሶ ነበር። በኖቬምበር ወር ተጠመቀ፣ ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ሞትን ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ። ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ የምናስታውስ እኛ ግን ይህን ለማለት ባንቸኩል ይሻላል።

በሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ውስጥ አረፈ። ቀብሩ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተፈጸመ፤ ጊታሩና መጽሐፍ ቅዱሱም አብረውት ተቀበሩ።