የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት፤ በወፍጮ ቤት ስለ ተጀመረው ምስጋና

ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ተነሥቶ ወደ መርጡለ ማርያም የሄደ፥ ከዚያም ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወንዙን የተሻገረ መንገደኛ በወሎ በኩል የቦረናን አገር ያገኛል። ጋሥጫም በዚያ ነው። ስለዚህ አባ ጊዮርጊስ ለምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ የሩቅ አገር ሰው አይደለም፤ በመካከል ያለው ዓባይ ብቻ ነው። የዲማና የሞጣ አድባራት የተሰየሙበትን የሰማዕቱን ስም እርሱም ይዟል። ታሪኩን ያልሰማ ምእመን እንኳ ቃሉን ያውቃል፤ በሌሊት ሰዓታት ሲቆም የሰማ ሁሉ እርሱ የደረሰውን ምስጋና ሰምቷልና።

የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባላል፤ በንጉሥ ከተማ የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበረ። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ በአንድ ስፍራ ጸንተው ስለማይቀመጡ ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ይጓዝ ነበር። ሕዝበ ጽዮን ልጁን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ወድዶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰደደው። ሐይቅ አባ ኢየሱስ ሞዓ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ካቀናው ጀምሮ የመጻሕፍትና የመምህራን ቤት ስለ ነበረ፥ ከዚያ የተማረ ልጅ ሊቅ ሆኖ ይመለሳል ተብሎ ይታመን ነበር።

በጊዮርጊስ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ትምህርት አልገባው አለ። እኩዮቹ ቀለም ቆጥረው ሲያልፉት እርሱ በነበረበት ቀረ፤ ዛሬ የሰማውን ነገ አያገኘውም። ይህም የአንድ ክረምት ነገር አልነበረም፤ ገድሉ ሰባት ዓመት ይለዋል። መምህሩ ተስፋ ቈርጦ ወደ አባቱ መለሰው፤ አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም፥ መማር ባይችል ገዳሙን ያገልግል ብሎ መልሶ ሰደደው። የልጁ ኀዘን ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። መምህሩ አልፈለገውም፤ የአባቱም ደጅ ተዘጋበት።

ያን ጊዜ ሥራው እህል መፍጨት ሆነ። ወፍጮ በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው በክንድና በወገብ የሚገፉት ሥራ ነው፤ ከደካማነቱም በላይ በአገር ልማድ ለወንድ ልጅ እንደ ውርደት የሚቈጠር ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች በመምህራቸው ፊት ሲያዜሙ እርሱ ለእነርሱ ዱቄት ያዘጋጅ ነበር። በዲማ፥ በደብረ ወርቅ ወይም በሞጣ ጉባኤ ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ በውሻ ተነክሶ ቅኔ የተማረ ሰው የዚህን መከራ ግማሹን ያውቀዋል። የዚያ ተማሪ ረኀብ ግን ከትምህርቱ ጋር ነው፤ ማታ ቅኔው ሲሳካለት የቀኑን ድካም ይረሳዋል። ጊዮርጊስ ድካሙ ብቻ ቀርቶለት ነበር።

የቀረለት አንድ ነገር ነበር። ይኸውም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ማልቀስ ነው። ከወፍጮው ሲነሣ ወደ ሥዕሏ ይሄዳል፤ ከሥዕሏ ፊት ሲነሣ ወደ ወፍጮው ይመለሳል። ብዙ ዘመን እንዲህ ሆኖ ከኖረ በኋላ እመቤታችን ተገልጣ አጽናናችው፥ ጽዋዐ ልቡናም አጠጣችው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተዘግቶ የነበረው አእምሮው ተከፈተ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ወደ ጽዋው ፈጥነው ይደርሳሉ፤ ለሰነፍ ተማሪም ያለ ድካም ዕውቀት የሚገኝ ያስመስሉታል። ይህ አተራረክ ልክ አይደለም። ጽዋው የተሰጠው ሰባት ዓመት ሳይሸሽ ለቆየ ልጅ ነው። ደግሞም ተማሪ ቀለም አልያዘልኝም ብሎ ዱላ የሚያነሣ መምህር ይህን ታሪክ ቢያስብ መልካም ነበር፤ ሐይቅ ለማስተማር ደክማ የመለሰችው ልጅ ለቤተ ክርስቲያን የሌሊቱን ምስጋና የሰጠ ሰው ሆኗልና።

ከዚህ በኋላ የጊዮርጊስ አፍ አላረፈም። ከድርሰቶቹ ሁሉ በፊት የሚወሳው ስለ እመቤታችን የደረሰው አርጋኖነ ውዳሴ ነው። መጽሐፉን በሳምንቱ ዕለታት ከፍሎ አዘጋጀው፤ በሦስትም ስም ጠራው፤ አርጋኖነ ውዳሴ፥ መሰንቆ መዝሙር፥ እንዚራ ስብሐት ብሎ። ሦስቱም የዜማ ዕቃ ስሞች ናቸው። በልጅነቱ ከዜማው ጉባኤ ተለይቶ የወፍጮ ድንጋይ ሲገፋ የኖረ ሰው መጽሐፉን በበገናና በመሰንቆ ስም መጥራቱ እንዲያው የመጣለት አይመስልም። በዘመኑ የነበረው ዐፄ ዳዊት ከ1374 እስከ 1405 ዓ.ም. የነገሠው ነው፤ እርሱም እመቤታችንን እጅግ የሚወድ ንጉሥ ስለ ነበረ ይህን መጽሐፍ በወርቅ ቀለም አስጻፈው ይባላል።

ሁለተኛው ሥራው መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሱ በፊት ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰዓታት ነበረ፤ እስከ ዛሬም በአንዳንድ ገዳማት አልጠፋም። ጊዮርጊስ የደረሰው ግን በአጥቢያ ሁሉ ገባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማኅሌት ለመቆም ድጓ የተማሩ ሊቃውንት፥ ከበሮና ጸናጽል፥ ብዙ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ሰዓታት ግን ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ባሉበት ደሀ ደብር እንኳ ይቆማል። ሕዝቡም እየተቀበለ ከካህናቱ ጋር ያመሰግናል። እንግዲህ ትምህርት ያልገባው የነበረው ሰው ላልተማረው ሕዝብ የሚበቃ ምስጋና አዘጋጀ ማለት ነው።

ውዳሴ መስቀልና ፍካሬ ሃይማኖትም የእርሱ ናቸው።

ዕውቀቱ ግን ሌላ መከራ አመጣበት። በንጉሡ ከተማ ቢቱ የሚባል ሰው ስለ ዳግም ምጽአት ሲያስተምር አብና መንፈስ ቅዱስ ከወልድ ተለይተው የሚቀሩ አስመስሎ ተናገረ። ጊዮርጊስም ሦስቱ አካላት በመለኮት እንደማይለያዩ በጉባኤ ተከራክሮ ረታው። በክርክር የተረታ ሰው ሁልጊዜ ዝም አይልም፤ የንጉሥ ከተማም ለነገር ሠሪ የተመቸ ስፍራ ነው። ጊዮርጊስ በሐሰት ተከሶ ታሰረ። ልጅ ሳለ ስለማያውቅ ተዋረደ፤ ከአደገ በኋላ ደግሞ ስላወቀ ታሰረ። ሁለተኛው መከራ ከፊተኛው ይልቅ የሚመርር ነው፤ የመጀመሪያውን ያመጣው ድካም ነበርና፥ ይህን ያመጣው ግን የሰው ክፋት ነው። ነገር ግን የወፍጮ ቤቱ ልማድ በዚህም ጠቀመው። ሰው ሁሉ በራቀው ጊዜ ከእግዚአብሔርና ከእመቤታችን ጋር መነጋገርን አስቀድሞ ለምዶታል፤ ለእስራት አዲስ አልነበረም።

ነጻ ከወጣ በኋላ ቂሙን ሳይሆን ትምህርቱን ጻፈ። መጽሐፈ ምሥጢርን በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት በ1416 ዓ.ም. ገደማ ፈጸመ። በዚህ መጽሐፍ ከሰባልዮስና ከአርዮስ ጀምሮ የመናፍቃንን ትምህርት እየለየ ይመልሳል፤ ክፍሎቹም በበዓላት እንዲነበቡ የተዘጋጁ ናቸው። ክርክሩን በዚህ መንገድ ከንጉሥ አደባባይ አውጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ንባብ አገባው። ለንባብ ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ግእዙ የጠለቀ ስለ ሆነ የቅኔ ሊቃውንት እንኳ ቆም እያሉ ያነቡታል።

በሚከተለው ዓመት፥ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም.፥ በስድሳ ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። ሐምሌ 7 ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ሥላሴን በዓል የምታከብርበት ዕለት ናት፤ ስለ ሦስቱ አካላት አንድነት ተከራክሮ ስለ ታሰረው ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ነበር።

ከዕረፍቱ በዓል በኋላ ሃያ አራት ቀን ቆይቶ ጾመ ፍልሰታ ይገባል። በቢቸናም በሞጣም የነሐሴ ሌሊት ጭጋግና ጭቃ ነው። ሆኖም ደወሉ ሲሰማ ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ ልጅ የሞተባት እናት፥ በሽተኛ በቤቱ ያስተኛ አባወራ፥ ቀለም አልገባው ያለ ተማሪም በዚያ ይገኛሉ። ቄሱ ሰዓታቱን ይጀምራል፥ ዲያቆኑ ይቀበላል፤ ሕዝቡም በቅጥሩ ውስጥ ጧፉን ይዞ እስኪነጋ ድረስ አብሮ ይቆማል።