ገና ሳይደርሱ ያመሰገኑ ቤተሰብ



ባለፈው ስብሰባችን የጸሎት ርእስ ስንሰጣጥ አንድ ነገር አስተዋልን። ከገርጂ የመጣችው እኅታችን ውኃ ከጠፋ ሳምንት እንዳለፈ፣ ሲመጣም በእኩለ ሌሊት እንደሚመጣ ነገረችን። የኮተቤው ወንድማችን መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ከሥራ እንደሚዘገይ፣ ሌላው ደግሞ የቦሌ የቤት ኪራይ ቤተሰቡን እንዳስጨነቀ ተናገረ። ልመናችን ወረቀቱን ሞላው። የምስጋና ርእስ በተጠየቀ ጊዜ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ችግራችን እውነተኛ ነው፤ ማንም የፈጠረው አልነበረም። ዝምታችን ግን ከበደን። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ የአንድ የወንጌል መልእክተኛ ቤተሰብ ሕይወት አብረን ልንመለከት ወደድን።

ሚስዮናዊ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ነው። አናሲሞስ ነሲብ ግን የዚችው የአገራችን ልጅ ናቸው። በ1850ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ሲሆን በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው አጡ። ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥለው ወሰዷቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡም ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸውና በምጽዋ ወደነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት አስገባቸው። በ1872 ሲጠመቁ አናሲሞስ ተባሉ፤ ይህም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የምናውቀው የዚያ ባሪያ ስም ነው።

ስዊድን አገር ተምረው በ1881 ከተመለሱ በኋላ ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ሄደው ወንጌልን በገዛ ቋንቋው ማሰማት። ይሁን እንጂ መንገዱ ተዘጋባቸው። በሱዳን በኩል ሞክረው ከድንበሩ አካባቢ ተመለሱ፤ በዚያም ጉዞ በንዳድ ታመሙ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እስከ እንጦጦ ድረስ መጡ፤ ዳሩ ግን የምኒልክ ፈቃድ ሳይገኝ ቀረና ያን ሁሉ መንገድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ቀና ብለን የምናየው የእንጦጦ ተራራ ለእነርሱ ተስፋቸው የተመለሰበት ስፍራ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ምን ሠሩ? በ1887 በምንኩሉ ማተሚያ ቤት በኦሮምኛ የተዘጋጀ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ የሚጀምረው ገለታ በሚለው ቃል ነው፤ ገለታ ምስጋና ማለት ነው። ልብ በሉ! አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ የታተመው በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ነው። የምስጋናው መጽሐፍ ሁለቱንም ቀደመ። የሚዘምረውን ሕዝብ ገና ሳያገኙ መዝሙሩን አዘጋጁለት።

በዚህ ላይ ስንወያይ ከመካከላችን ጥያቄ ተነሣ። ይህን ያህል የተጎዳ ሰው ከልቡ ያመሰግናል ወይስ ሕመሙን ይደብቃል? እኛ እንደምናምነው ምስጋና ክፉውን ነገር መልካም ነው ማለት አይደለም። ባርነት ክፉ ነበር፤ ከእናት መለየትም ክፉ ነበር። የአናሲሞስ ምስጋና የታየው በሥራቸው ነው። መንገዱ ሲዘጋ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በቀራቸው ነገር፣ ማለትም በቋንቋቸውና በብዕራቸው፣ እግዚአብሔርን አገለገሉ።

ኀዘኑም በዚያ አላበቃም። ወይዘሮ ምሕረት የባላቸውን አገር ሳያዩ አረፉ። አናሲሞስ ኋላ ወይዘሮ ልድያ ዲምቦን አገቡ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖም በትርጉሙ ሥራ አብራ ደከመች። አናሲሞስ ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ስለ ነበረ የእርሷ የቋንቋ እውቀት ትልቅ እርዳታ ሆነላቸው። ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ።

በመጨረሻ በ1904 ወለጋ ገቡ፤ ከተወሰዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በነቀምቴም ማስተማር ጀመሩ። ነገር ግን በ1906 ተከሰው አዲስ አበባ ቀረቡ፤ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቀድላቸውም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። የሰው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ሥራ በደጁ ላይ ሲከለከል ምን ይሰማዋል? አናሲሞስ ግን ማስተማሩ አልተከለከለም ብለው ልጆችን ፊደል ማስቈጠራቸውን ቀጠሉ። የስብከቱ ፈቃድ በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1916 ተገኘ። በሰኔ 1931 በነቀምቴ እስኪያርፉ ድረስም አገለገሉ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ገመቺስ ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ የእኛ ጀሪካንና የእኛ ሰልፍ ከእነርሱ መከራ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ቢሆንም ቀላል ነው ብለን አንንቀውም። እግዚአብሔር ትንሹንም ችግር ይሰማል። ነገር ግን ውኃው እስኪመጣ፣ ኪራዩ እስኪቀንስ ድረስ ምስጋናችንን ለምን እናቆየዋለን? በእኩለ ሌሊት ውኃ መጣ ብላ በራችንን የምታንኳኳ ጎረቤት አለችን። ከሰልፉ ሲመለስ ራት ይዛ የምትጠብቀው እናት ያለችው ወንድም በመካከላችን አለ።

ስለዚህ ለሚመጣው እሑድ ተስማምተናል። እያንዳንዳችን ከልመናችን ጋር አንድ የምስጋና ርእስ ጽፈን እንመጣለን፤ ምስጋናውንም አስቀድመን እናነባለን። ደግሞም ከእኛ ይልቅ የተቸገረ ሰው ካለ፣ በቀረን ነገር አንድ ሥራ እንሥራለት።

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን።