ደራሲው ኡስማን ሴምቤንና ፊልሞቹ

በምዕራብ አፍሪካ፣ በሴኔጋል ደቡባዊ ክፍል፣ ካዛማንስ በሚባለው ወንዝ ዳር ዚጊንሾር የተባለች ከተማ ትገኛለች። ኡስማን ሴምቤን በ1923 ዓ.ም. የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በፈረንሣይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች በትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት በፈረንሣይኛ ነበር፤ ልጁ ከዘመዶቹ ጋር የሚነጋገረው ግን በወሎፍኛ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከትምህርት ቤት ስለ ተባረረ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ዳካር ሄዶ በግንበኝነት፣ በመካኒክነትና ባገኘው የቀን ሥራ ሁሉ ይተዳደር ጀመር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሣይ ጦር ተመልምሎ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላም ባሕር ተሻግሮ በማርሴይ ወደብ የመርከብ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር፤ ሴምቤንም በዚያው ሥራ ላይ ጀርባው ክፉኛ ተጎዳ። ይሁን እንጂ በወደቡ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ መጻሕፍት ማንበብን ገንዘቡ አደረገ። ካነበባቸው መጻሕፍት ውስጥ የጥቁር ሠራተኛ ሕይወት በራሱ በሠራተኛው አንደበት ሲነገር ያገኘው ከስንት አንዴ ነበርና ብዕር አነሣ። በ1956 ጥቁሩ የወደብ ሠራተኛ የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ። በ1960 ደግሞ የዳካርና የኒጀር የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች በ1947 ያደረጉትን ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ የሚተርከውን፣ የእግዚአብሔር እንጨቶች የተባለውን መጽሐፍ አወጣ።

በዚያው ዓመት ሴኔጋል ነጻነቷን አገኘች፤ ሴምቤንም ወደ አፍሪካ ተመለሰ። የተመለሰው ስሙ የታወቀ ደራሲ ሆኖ ነው። ነገር ግን ከአገር አገር እየተዘዋወረ ሕዝቡን በተመለከተ ጊዜ አንድ ከባድ ነገር ተገለጠለት። መጽሐፎቹ የተጻፉት ስለ ባቡር ሠራተኛው፣ ስለ ገበያተኛዋና ስለ ገበሬው ነበር፤ እነርሱ ግን ፈረንሣይኛ ማንበብ ቀርቶ ፊደል የቆጠሩትም ጥቂቶች ነበሩ። ጽሑፎቹን የሚያነቧቸው በአብዛኛው አውሮፓውያንና ጥቂት የተማሩ አፍሪካውያን ናቸው። ሌላ ደራሲ ቢሆን በዝናው ተጽናንቶ በተቀመጠ ነበር። ሴምቤን ግን ፊልም ለማያነብ ሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል አሰበና፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ1962 ወደ ሞስኮ ሄደ። በዚያም በጎርኪ ስቱዲዮ በዳይሬክተሩ በማርክ ዶንስኮይ ሥር እንደገና ተማሪ ሆነ።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሣዮች በ1934 ባወጡት ደንብ በአፍሪካ ግዛቶቻቸው ውስጥ ያለ መንግሥት ፈቃድ ፊልም ማንሣት ክልክል ነበር። ስለዚህ የአፍሪካ ሕዝብ በራሱ ልጅ የተሠራ ፊልም ሳያይ ኖሯል ማለት ይቻላል።

ሴምቤን በ1963 ቦሮም ሳሬት የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ። ቦሮም ሳሬት በወሎፍኛ ባለጋሪ ማለት ነው። ፊልሙ የሚፈጀው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚያሳየውም የአንድ ድሃ ባለጋሪ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ባለጋሪው ማለዳ ጸሎቱን አድርሶ ፈረሱን ጠምዶ ይወጣል። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ የሚከፍሉት ሰላምታ ብቻ ነው። ያገኘችውንም ጥቂት ገንዘብ የአያት ቅድመ አያቱን ጀግንነት በዜማ ላወደሰለት አዝማሪ ይሰጣል። የሞተ ሕፃኑን የታቀፈ አባት ወደ መቃብር ቢወስድ ወረቀትህ አልተሟላም ተብሎ ከበር ይመለስበታል። በመጨረሻም አንድ ሽክ ያለ ሰው ለጋሪ ወደ ተከለከለው የሀብታሞች ሰፈር እንዲያደርሰው ያግባባዋል። እዚያ ሲደርሱ ፖሊስ ያስቆማቸዋል፤ ተሳፋሪው ሳይከፍል ይሰወራል፤ የባለጋሪው የጦር ሜዳ ሜዳይ መሬት ወድቆ በፖሊሱ ጫማ ይረገጣል፤ ጋሪውም ይወረሳል። ባዶ እጁን ፈረሱን እየሳበ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሕፃኑን አስታቅፋው፣ ዛሬ ማታ እንደሚበሉ ነግራው ትወጣለች። ወዴት እንደ ሄደች ፊልሙ አይናገርም። ከሴምቤን ሥራዎች ሁሉ ይህ አጭር ፊልም የሚበልጥባቸው ተመልካቾች ቢኖሩ አያስደንቅም።

በ1964 ኒያይ የተባለ ሌላ አጭር ፊልም አስከተለ። ከዚያ በኋላ ወደ ረጅም ፊልም ለመሸጋገር ከአጫጭር ልብ ወለዶቹ አንዱን መረጠ። ታሪኩ የዲዋና ነው። ይህች የዳካር ወጣት የፈረንሣይ ባልና ሚስት ልጆች ለመጠበቅ ተቀጥራ ወደ አንቲብ ከተማ ትሄዳለች። እዚያ ግን ምግብ አብሳይ፣ ቤት ጠራጊና ልብስ አጣቢ ትሆናለች፤ ከቤት መውጣት ብርቅ ይሆንባታል፤ በመጨረሻም ራሷን ታጠፋለች። ታሪኩ በፈረንሣይ አገር በእርግጥ በደረሰና በጋዜጣ በወጣ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ለአፍሪካውያን ፊልም ሠሪዎች ርዳታ ይሰጥ የነበረው የፈረንሣይ መሥሪያ ቤት ጽሑፉን አልተቀበለውም። ቢሆንም ሴምቤን ሌላ ተባባሪ ፈልጎ ፊልሙን በ1966 ጨረሰ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በዛሬ ልማድ አጭር ሊባል ይችል ይሆናል። ሆኖም ከሰሐራ በስተደቡብ በሚገኝ አገር ተወላጅ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እየተባለ ይጠቀሳል። በዚያው ዓመት በፈረንሣይ የዣን ቪጎን፣ በቱኒዝያ ደግሞ የካርቴጅን ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት አገኘ።

ሽልማቱ ሴምቤንን ወደ ፊልም ያመጣውን ችግር አልፈታለትም። ባለጋሪውም ሆነ ዲዋና በፊልሙ ውስጥ የሚያስቡትና የሚናገሩት በፈረንሣይኛ ነበር። የዳካር ባለጋሪ ሥዕሉን አይቶ ቢያዝንም ቃሉን አይሰማውም። ሴምቤን ይህን ያረመው በ1968 ነው። ማንዳቢ የተባለውን ፊልም አንዱን ቅጂ በፈረንሣይኛ፣ ሌላውን በወሎፍኛ አዘጋጀ። የፊልሙ ባለታሪክ ኢብራሂማ ዲየንግ ከፓሪስ በዘመዱ የሐዋላ ገንዘብ የተላከለት፣ ማንበብ የማይችል የዳካር ሰው ነው። ገንዘቡን ለመቀበል ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲንከራተት፣ ከእርሱ እንደ አንዱ የሆኑ ተመልካቾች በራሳቸው ቋንቋ ሰሙት።