የቾፓው መሐንዲስ ዋልተር ካደን

ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት በፍጥነት ሲሄድ ድንገት የኋላ ጎማው ተይዞ ሲንሸራተት ያየ ሰው፣ ዋልተር ካደን ዕድሜውን ሙሉ ከምን ጋር ሲታገል እንደ ኖረ ለመረዳት አይቸግረውም። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ቆይቶ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ነጂውም ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ካልያዘ ይወድቃል። ስለዚህ የእሽቅድምድም ነጂዎች ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ ማንሣት አይወዱም ነበር። የዚህን አስቸጋሪ ሞተር ጠባይ በማወቅ በዘመኑ ከካደን የሚስተካከል መሐንዲስ አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካደን በ1919 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሳክሶኒ፣ ፖበርሻው በምትባል ተራራማ መንደር ተወለደ። ከመንደሩ ብዙም በማትርቀው በቾፓው ከተማ ዴካቬ የተባለው ታላቅ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ነበረ፤ አባቱም የፋብሪካው የሽያጭ ሹም ሹፌር ነበር። ኑርቡርግሪንግ የተባለው የእሽቅድምድም ጎዳና በ1927 ሲመረቅ፣ ልጁ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው በዚያ ተገኝቶ አየ። ኋላም በኬምኒትዝ ከተማ የምሕንድስና ትምህርት ተማረ።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ፣ በ1940 በሄንሽል የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ኤች ኤስ 293 የተባለውን ከአውሮፕላን ተጥሎ በሬዲዮ የሚመራ ቦምብ ከሚሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ሆነ። ይህ መሣሪያ መርከቦችን ከነሰዎቻቸው ያሰጠመ ነውና፣ የካደንን ሙያ የምናደንቅ ሰዎች ይህንንም አብረን ማሰብ ይገባናል።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቾፓው ተመልሶ በእንጨት ሥራ ኑሮውን ጀመረ፤ በቦምብ ለፈረሱ ቤቶች የጣራ እንጨት ያዘጋጅ ነበር። ዴካቬ ስሙን ይዞ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሲሸሽ፣ የቾፓው ፋብሪካ በሶቪየቶች ተይዞ መኪናዎቹ ተነቃቅለው ተወሰዱ፤ በቀረው ነገር መንግሥት ፋብሪካውን እንደ ገና አቋቋመው፤ በመጨረሻም ኤም ዜት ተባለ። ካደን በትርፍ ጊዜው አርቴ 125 የተባለችውን ትንሽ ሞተር ብስክሌት ለእሽቅድምድም ማሰናዳት ያዘ። በ1953ም የፋብሪካው የእሽቅድምድም ክፍል ኃላፊነት ተሰጠው። ገንዘቡ ጥቂት፣ ብረቱም እንደ ልብ የማይገኝ ነበር።

እዚህ ላይ የሞተሩን ነገር ጥቂት ማስረዳት አለብኝ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ለብቻው የዘይት ጉድጓድ የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ስለዚህ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል ማለት ነው። ካርቡራቶሩ ሲደፈን ወይም በተቀደደ ጓርኒሲዮን በኩል ነፋስ ሲገባ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የአሉሚኒየም ፒስተን ከብረት ሲሊንደር ይበልጥ ያብጣል፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ዘይት ተቃጥሎ ያልቅና ብረት ብረትን ይነክሳል።

ሞተሩ ሲፈታ ምክንያቱ ከፒስተኑ ላይ ይነበባል። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሙቀት በዝቶበታል፤ ዙሪያውን ከሆነ ፒስተኑ ለሲሊንደሩ ጠቦታል፣ ወይም ሳይሞቅ ተጋልቧል፤ አናቱ ከተበሳ ድብልቁ ቀጥኗል፣ ወይም እሳቱ ቀድሟል፤ ኩሽኔታው ከጠቆረ ዘይት አልደረሰውም። በሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን አሉሚኒየም አጽድቶ አዲስ ፒስተንና ፋሻ መግጠም ቀላሉ ሥራ ነው። ምክንያቱ ካልተገኘ ግን አዲሱም ፒስተን እንደ አሮጌው ይጣበቃል፤ ይህን ሳያውቅ ሦስት ጊዜ የከፈለ ሰው አይቻለሁ።

የካደን ብልሃት የተገኘው ከዚሁ ምርመራ ነው። በፒስተኑ ውስጥ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ በሙቀትና በዘይት ማነስ ይጎዳ ነበርና፣ ከጭስ መውጫው ፊት ለፊት ሦስተኛ መተላለፊያ ከፈተ። ቀዝቃዛው ድብልቅ በፒስተኑ ጎን ባለ መስኮት አልፎ ሲወጣ የፒስተኑን አናት ከሥሩ ያቀዘቅዛል፣ ኩሽኔታውንም ያለሰልሳል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ጭስ ማውጫውን ደግሞ ሆዱ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ አድርጎ፣ የድምፁ ሞገድ ሊያመልጥ ያለውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልሰው አደረገ፤ ሞገዱንም በኦሲሎስኮፕ ይለካ ነበር። ሐሳቡን ከእርሱ በፊት የጀመሩት ነበሩ፤ እስከ መጨረሻው የተከታተለው ግን እርሱ ነው። በ1961 የ125 ሲሲ ሞተሩ በደቂቃ 10,800 ጊዜ እየዞረ 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ይህም በሊትር 200 መሆኑ ነው። አየር በመጭመቂያ ሳይገፋለት ከዚህ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚያው ዓመት የካደን ነጂ ኤርንስት ዴግነር በሆክንሃይም፣ በዛክሰንሪንግና በሞንዛ አሸንፎ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተቃረበ። ነገር ግን ነሐሴ 13 ቀን የበርሊን ግንብ መሠራት ጀምሮ ነበር። መስከረም 17 ቀን በስዊድን፣ በክሪስቲያንስታድ በተደረገው ውድድር የዴግነር ሞተር ገና በመጀመሪያው ላይ ተበላሽቶ ቆመ። እርሱም ወደ ምሥራቅ ጀርመን አልተመለሰም፤ በዴንማርክ በኩል ወደ ምዕራብ ጀርመን ገባ። ሚስቱና ልጆቹ በዚያው ሰሞን በመኪና የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቀው ድንበሩን ተሻግረው ነበር። ሻምፒዮንነቱ የሆንዳው ቶም ፊሊስ ሆነ።

ዴግነር የካደንን እውቀት ይዞ ለጃፓኑ ሱዙኪ ሠራ፤ በ1962ም በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ለቤተሰቡ ነፃነት ሲል ያደረገውን መሸሽ እኔ አልፈርድበትም፤ የሌላውን ሰው የብዙ ዓመት ድካም ለተወዳዳሪ መስጠቱን ግን ልክ ነው ማለት አልችልም። እርሱም በ1963 በሱዙካ ወድቆ በእሳት ክፉኛ ተቃጠለ፤ በ1983 በቴኔሪፍ ደሴት ሞተ።

ካደን በቾፓው ቀረ። በ1963 እንግሊዛዊው ማይክ ሄልዉድ በእርሱ 250 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ዛክሰንሪንግ ላይ በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸነፈለት። ኤም ዜት ግን አንድም የነጂዎች የዓለም ሻምፒዮንነት ሳያገኝ ቀረ። ከ1975 እስከ 2001 ድረስ በ500 ሲሲ ሻምፒዮን የሆኑት ሁሉ በባለ ሁለት ምት ሞተር የጋለቡ ሲሆኑ፣ የሞተሮቻቸውም ጭስ ማውጫ ሆደ ሰፊና ጫፈ ጠባብ ነበር። ካደን ይህን አብዛኛውን በዓይኑ አይቶ በ1996 ሞተ።