ኪት ሙን እና መቶ ክኒን የያዘው ብልቃጥ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር ጻፊ ስላሉኝ ስለምወደው ሮክ ሙዚቃ ልጽፍ ተነሳሁ። እንደምታዩት ግን መጨረሻው የመድኃኒት ማዘዣ ሆኗል። ምን ላድርግ፣ ያው ሐኪም ነኝ።

ኪት ሙን እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1946 ለንደን ተወለደ። «ዘ ሁ» የተባለውን ባንድ በ1964 ሲቀላቀል ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ድራመር ሥራው ምት መጠበቅ ነው፤ ሌላው በሱ ላይ ተደግፎ ይጫወታል። በዚህ ባንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ምቱን የሚይዘው የፒት ታውንሼንድ ጊታር ሲሆን ሙን ደግሞ ዘፋኙን እየተከተለ ክፍተቱን ሁሉ በከበሮ ይሞላል። ሌሎች ድራመሮች ያለሱ የማይሆንላቸውን ሃይ-ሃት እምብዛም አይነካውም። «ቶሚ»ን ወይም «ኳድሮፊኒያ»ን ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። ለኔ ከሱ በፊትም በኋላም እንደዚያ የመታ የለም።

ስለሱ የሚወራው ግን ቀልዱ ነው። ሆቴል ማፈራረሱ፣ በ1967 አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ድራሙን በፈንጂ ማፈንዳቱ። በ1970 ከአንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ መኪናቸውን ከከበቡ ወጣቶች ለማምለጥ ሲነዳ የገዛ ሹፌሩ ከሥር ገብቶ ሞተ። አደጋ ነው ተብሎ ቢወሰንም ጸጸቱ አልለቀቀውም።

በ1973 ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ማስታገሻ ክኒን ወስዶ መድረክ ላይ ወደቀ። አንስተው መልሰው አስቀመጡት፤ ደግሞ ወደቀ። ታውንሼንድ ድራም የሚችል አለ ወይ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀና ስኮት ሃልፒን የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ወጥቶ ኮንሰርቱን ጨረሰላቸው። ደስ የሚል ታሪክ ነው ይባላል። እኔ የሚታየኝ ግን በአንድ ምሽት ሁለቴ ራሱን ስቶ በመካከል ወንበሩ ላይ የተመለሰ በሽተኛ ነው።

በ1978 መጠጥ ማቆም ፈለገ። ሆስፒታል መተኛት ግን እምቢ አለ። ሐኪሙ ክሎሜቲያዞል አዘዘለት፤ የመጠጥ ማቆም ምልክቶችን፣ መንቀጥቀጡንና መቃዠቱን፣ የሚያስታግስ ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግሩ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ማፈኑ፣ ደግሞም ራሱ ሱስ ማስያዙ ነው። የተሰጠው 100 ክኒን የያዘ ብልቃጥ ነበር፤ በቀን ከሦስት እንዳይበልጥ ተነግሮት። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ማንኛውንም ነገር በልክ ወስዶ አያውቅም፤ ያንንም ለንደን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ሴፕቴምበር 6 ማታ የፖል ማካርትኒ እንግዳ ሆኖ አመሸ። ቤቱ ገብቶ ክኒኑን ወስዶ ተኛ፤ ጠዋት ነቅቶ በላ፣ እንደገና ተኛ። በዚያው አልተነሳም። ዕድሜው 32፤ ሰውነቱ ውስጥ የተገኘው ክኒንም 32። ከዚህ ውስጥ 26ቱ ገና አልሟሙም ነበር፤ ለመሞት ስድስቱ በቅተውታል።

ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ይህ መድኃኒት ለመጠጥ ማቆም የሚሰጠው ሆስፒታል ለተኛ፣ በቅርብ ለሚታይ በሽተኛ ብቻ ነው። እኛ ዲያዜፓም እንጠቀማለን። አልጋ ጠፍቶ፣ ወይም በሽተኛው አልተኛም ብሎ፣ ማዘዣው ላይ ስንት ክኒን ልጻፍ እያላችሁ እስክሪብቶ ይዛችሁ የቆያችሁ የሙያ ጓደኞቼ ብዙ ናችሁ። እኔ የጥቂት ቀን ብቻ ጽፌ ቤተሰብ እንዲይዘው አደርጋለሁ። አስታማሚው ለምን አመላለስሽን ብሎ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

የመጨረሻ አልበሙ ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ባንዱ በቦታው ኬኒ ጆንስን ተካ። ጆንስ ምቱን በደንብ ይጠብቃል።