ጆን ሃዋርድና የወህኒ ዘበኞች

ተስቦን የቢቸናም የሞጣም ሰው በስሙ ያውቀዋል። በእንግሊዝ አገር ግን ይኸው በሽታ የወህኒ ትኩሳት ይባል ነበር፤ ከወህኒ አይጠፋምና።

ጆን ሃዋርድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1726 ተወለደ። በጐልማሳነቱ በባሕር ላይ ተማርኮ በፈረንሳይ ታስሮ ነበርና የእስረኛን ረኃብ በገዛ ሥጋው ዐወቀ። በ1773 የቤድፎርድሺር ሸሪፍ ሆኖ በተሾመ ጊዜ ወህኒ ቤቱን ራሱ ገብቶ አየ። የወህኒው አዛዥ ደመወዝ ስላልነበረው የሚኖረው ከእስረኛው በሚቀበለው ገንዘብ ነበር፤ ስለዚህም በፍርድ ነጻ የወጣው ሰው እንኳ መክፈል ካቃተው አይለቀቅም።

ሃዋርድ ያየውን ለፓርላማ አስረዳ። በ1774 በወጣው ሕግ ግድግዳው በየዓመቱ ኖራ እንዲቀባ፣ ለሕሙማን የተለየ ክፍልና ሐኪም እንዲኖር ታዘዘ። እርሱ ግን በዚህ አልረካም። ቁልፍ ያዡ ያላነበበው ሕግ በሽተኛ እንደማያድን ስለ ተረዳ በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ ለየወህኒው አዛዥ ላከ። መፈጸሙንም ለማየት እንደገና ዞረ።

በ1790 በሩስያ ግዛት በኬርሶን ትኩሳት ይዞት ሞተ። ተስቦን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗ የታወቀው ገና በ1909 ነው።

ዛሬም እስረኛ በሌሊት ሲያተኵሰው ሐኪሙ ሩቅ፣ ዘበኛው ቅርብ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሚቆም ዘበኛ የተስቦን ምልክት ለይቶ፣ ልብስ አስቀቅሎ፣ ሕመምተኛውን ሳይዘገይ ለሐኪም ማድረስን ካልተማረ፣ የሃዋርድ ሥራ ገና አላለቀም።